«የለም» ከማለታችን በፊት፦ ከአራት ኪሎ ጋዜጣ እስከ ክሮውለር

ሥራ ፍለጋ የዞረ ታላቅ ወንድም ወይም እህት ካላችሁ፣ ስለ አራት ኪሎ ጋዜጣ አከራዮች ጠይቁ። ነገሩ እንዲህ ነበር። መንገድ ዳር ጋዜጣ ዘርግቶ የሚቀመጥ ሰው አለ። ለመግዛት አቅም የሌለው ሰው ጥቂት ሳንቲም ይከፍልና እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ያነባል፤ ሲጨርስ ይመልሳል። አብዛኛው አንባቢ ፊት ገጹን ብዙም አያየውም። በቀጥታ ወደ ሥራ ማስታወቂያው ይሄዳል። ደብተርና እስክሪብቶ ይዟል፤ የመሥሪያ ቤቱን ስም፣ የሚፈለገውን የትምህርት ዓይነትና የምዝገባውን የመጨረሻ ቀን ይገለብጣል።

ጎበዝ ፈላጊ የራሱ ዘዴ ነበረው። ሪፖርተር ረቡዕና እሑድ እንደሚወጣ ስለሚያውቅ ማክሰኞ ቀን ሪፖርተር ፍለጋ አይደክምም። አዲስ ዘመን ዕለታዊ ስለሆነ በየቀኑ ያየዋል። የመሥሪያ ቤቶችን የማስታወቂያ ሰሌዳ ደግሞ በሳምንት አንዴ ይዞራል። ትናንት የገለበጠውን ዛሬ አይደግምም። ቀኑ ያለፈበትን ከደብተሩ ላይ ይሰርዛል። ማታ ጓደኛው «የአካውንቲንግ ሥራ አለ እንዴ?» ብሎ ሲጠይቀው ተነስቶ አራት ኪሎ አይሄድም፤ ደብተሩን ገልጦ ይመልሳል።

እስቲ አንድ ነገር አስቡ። ይህ ልጅ ደብተሩን ገልጦ «የለም» ቢል፣ ሥራው በእርግጥ የለም ማለት ነው? ወይስ እሱ ያልዞረበት ሰሌዳ ላይ ተለጥፏል?

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ «የለም» ስለሚባል ቃል ነው። ኮምፒውተርም ቃሉን በየቀኑ ይነግረናል። እኛም አብዛኛውን ጊዜ አምነነው እንሄዳለን።

ጉግል የማይደርስበት ቦታ

ጉግልን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለማንም ክፍት የሆኑ ድረ ገጾችን ይፈልጋል። ከዚያ ውጭ ያለው ግን ብዙ ነው። አንድ ባንክ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ወይም አንድ የከተማ አስተዳደር ውስጥ ያሉትን ደብዳቤዎች፣ ቃለ ጉባኤዎች፣ ውሎችና ሪፖርቶች ጉግል አያያቸውም፤ ሊያያቸውም አይገባም። እነሱን ለመፈለግ ድርጅቱ ለራሱ ብቻ የሚያቆመው ፕሮግራም አለ። ባለሙያዎቹ «ኢንተርፕራይዝ ሰርች» ይሉታል። እኛ የድርጅት ውስጥ ፍለጋ እንበለው።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ቃል ጽፈን «ፈልግ» የሚለውን ስንጫን፣ ኮምፒውተሩ በዚያች ቅጽበት ሰነዶቹን ሁሉ እየከፈተ የሚያነብ ይመስለናል። እንዲህ ቢሆን ኖሮ መልሱ እስኪመጣ ቡና ፈልቶ ይጠጣ ነበር። እውነቱ እንደ ሥራ ፈላጊው ልጅ ነው፤ ዙረቱ አስቀድሞ አልቋል፤ አሁን የሚገለጠው ደብተሩ ነው።

ደብተሩን «ማውጫ» ወይም ኢንዴክስ ይሉታል። በመጽሐፍ መጨረሻ ላይ እንዳለው የቃላት ማውጫ ነው፤ «ጡረታ» የሚለው ቃል በየትኞቹ ሰነዶች ውስጥ እንዳለ ይናገራል። ዙረቱን «ክሮል» ይሉታል፤ ቃሉ መዳህ ማለት ነው፣ ሕፃን ልጅ ቤቱን ጥግ በጥግ እንደሚያስሰው። እኔ አሰሳ እለዋለሁ። የሚዞረው ፕሮግራም ክሮውለር ይባላል። ክሮውለሩ የሚሄድባቸው ቦታዎች ደግሞ «የይዘት ምንጮች» ናቸው፦ የጋራ ፎልደር፣ የውስጥ ድረ ገጽ፣ ዳታቤዝ፣ ወይም ስካን የተደረጉ የመዝገብ ቤት ወረቀቶች።

እንግዲህ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አራት ነገሮችን መወሰን አለበት። የት ይኬድ? መቼና ስንት ጊዜ ይኬድ? የት አይገባ? የጠፋው ምን ይሁን? ከነዚህ ውሳኔዎች በኋላ የሚመጣው ሁሉ የማሽን ሥራ ነው። ውሳኔዎቹ ግን የሰው ናቸው።

በካሜራ የተደረገው ትልቅ አሰሳ

ኮምፒውተር ሳይገባበት ይህንኑ ሥራ በአገር ደረጃ የሠሩ ሰዎች ነበሩን። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት የሚባል ፕሮጀክት ተጀመረ። በእንግሊዝኛ ስሙ ምህጻር ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. እየተባለ ይጠራል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን መንበረ ፓትርያርክ፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል ገዳማዊ የብራና ቤተ መጻሕፍት እና ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በጋራ ነበር የጀመሩት።

ችግሩ ቀላል አልነበረም። የኢትዮጵያ ብራናዎች አንድ ቦታ የተከማቹ አይደሉም። በየገዳሙ፣ በየደብሩ ዕቃ ቤት፣ በየግለሰቡ ቤት ተበትነዋል። ከባለቤታቸው ወስዶ አንድ ሕንፃ ውስጥ መሰብሰብ አይቻልም፤ ተገቢም አይሆንም። ስለዚህ መፍትሔው ካሜራ ሆነ። ብራናው ለባለቤቱ ይቀራል፤ የሚሄደው ምስሉ ነው። ለእያንዳንዱ ብራና አንድ የማይለወጥ ቁጥር ይሰጣል። የፊልሙ ቅጂ አዲስ አበባም፣ ሚኒሶታም ይቀመጣል።

የዛሬ ክሮውለርም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሰነዱን ከቦታው አያነሳም፤ አንብቦ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ የት እንዳለ መዝግቦ ያልፋል። ለምሳሌ ቁጥር 1832 ወሎ ውስጥ ከሚገኘው ከሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የተቀረጸው ወንጌል ነው፤ በ13ኛው መቶ ዘመን ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ጋር የተያያዘ ጥንታዊ ብራና። ዓለም ላይ የትም ያለ ተመራማሪ ይህን ቁጥር ሲጠራ ሌላው ስለየትኛው ብራና እንደሚያወራ ወዲያው ይገባዋል።

ቀረጻው ከ9 ሺህ በላይ ብራናዎችን አዳርሷል። እዚህ ላይ ግን ቆም እንበል። መቅረጽ አንድ ነገር ነው፤ እንዲገኝ ማድረግ ሌላ። አንድ የፊልም ጥቅል ውስጥ ያለ ብራና ምን እንደያዘ ካልተጻፈ፣ ደብተር ላይ ያልሰፈረ ማስታወቂያ ማለት ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ግዕዙን ማንበብ፣ ድርሰቱን መለየት፣ ዘመኑን መገመት፣ በኅዳጉ ላይ የተጻፉትን የመሬት ስጦታዎችና የታሪክ ማስታወሻዎች መመዝገብ ነበረበት።

ይህን ሥራ የጀመሩት ዊልያም ማኮምበር ናቸው፤ አብዛኛውን የተሸከሙት ደግሞ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ። ፕሮፌሰር ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ1975 የደርግ ወታደሮች ሊይዟቸው ቤታቸው ድረስ ሄደው በነበረው ተኩስ ቆስለው ከወገባቸው በታች መንቀሳቀስ አቃታቸው። በቀጣዩ ዓመት ሚኒሶታ ገቡ፤ ከዚያም ለአሥርተ ዓመታት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው እነዚያን ፊልሞች አነበቡ። እ.ኤ.አ. በ1988 የማካርተር ሽልማት አገኙ፤ በ2021 አረፉ። የካታሎጉ የመጀመሪያ ቅጽ በ1975፣ አሥረኛው በ1993 ታተመ።

አሥሩ ቅጾች የሚሸፍኑት ከቁጥር 1 እስከ 5000 ያሉትን ነው። የተቀረጹት ግን ከ9 ሺህ በላይ ናቸው! በመካከሉ ያሉት 4 ሺህ ገደማ ብራናዎች ፊልማቸው አለ፤ በታተመው ካታሎግ ግን አታገኟቸውም። በዛሬ ቋንቋ ብንናገር፣ አሰሳው ደርሶባቸዋል፤ ማውጫው ግን አልደረሰባቸውም። ደግነቱ ፊልሞቹ ኋላ ላይ ወደ ዲጂታል እየተቀየሩ በኢንተርኔት መነበብ ጀምረዋል፤ የቀሩትን የመመዝገቡ ሥራም ቀጥሏል።

ሁለተኛም ትምህርት አለ። የዚያ ዘመን ቀረጻ በብዛት ያተኮረው መሃል አገር ላይ፣ በተለይ ሸዋና ወሎ ላይ ነበር። አብዮት መጣ፤ ጦርነት መጣ፤ የሰሜኑ መንገድ ከበደ። ትግራይ የሚገባትን ያህል አልተሸፈነችም። ታዲያ አንድ ተማሪ ካታሎጉን አገላብጦ «ይህ ድርሰት ትግራይ ውስጥ አይታወቅም» ብሎ ቢጽፍ ምን ይባላል? የተሳሳተው ካታሎጉን በማንበቡ አይደለም። ካሜራው የት እንደሄደና የት እንዳልሄደ ሳይጠይቅ «የለም» በማለቱ ነው። ሳይቀረጽ የተቃጠለ ወይም የተዘረፈ ብራና ደግሞ ምትክ የለውም።

ማሽኑ መዳህ ሲጀምር

ቀረጻው ሊያበቃ አካባቢ፣ በሌላው የዓለም ጫፍ ድረ ገጾች መብዛት ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1993 የኤም.አይ.ቲ. ተማሪ የነበረው ማቲው ግሬይ «ዋንደረር» የሚባል ፕሮግራም ሠራ። ትርጉሙ ተንከራታች እንደማለት ነው። ከገጽ ገጽ በሊንክ እየተሻገረ የድሩን ስፋት ይለካ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ክሮውለሮች አንዱ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ቅሬታ መጣ። አንዳንድ ክሮውለር እንደ ስድ እንግዳ ነው፤ በር ሳያንኳኳ ይገባል፣ በሰከንድ ብዙ ገጽ እየጠየቀ ደካማውን ሰርቨር ያደክማል። በ1994 ማርቲን ኮስተር አንድ ሐሳብ አቀረበ፦ እያንዳንዱ ድረ ገጽ ደጃፉ ላይ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ያስቀምጥ፤ ክሮውለርም ከመግባቱ በፊት እሱን ያንብብ። «እዚህ ግባ፣ እዚያ አትግባ» የምትል ይህች ፋይል «ሮቦትስ» ተባለች። በመደበኛ የኢንተርኔት ደረጃነት የጸደቀችው በ2022 ነው፤ እስከዚያ ድረስ ለ28 ዓመታት በይሉኝታ ነበር የምትከበረው።

ድርጅቶችም ለውስጥ ሰነዳቸው ተመሳሳይ ነገር ፈለጉ። ማይክሮሶፍት በ2001 ሼርፖይንት የሚባለውን ሶፍትዌር ከነፍለጋው አወጣ። በ2008 ደግሞ ፋስት የሚባለውን የኖርዌይ የፍለጋ ኩባንያ ገዛ። እነዚህን ሲስተሞች የሚያስተዳድረው ሰው መጀመሪያ ላይ ሥራውን በማውዝ ነበር የሚሠራው፤ ገጽ ይከፍታል፣ ምንጩን ይጨምራል፣ ሰዓቱን ይመርጣል፣ «አስቀምጥ» ይላል።

ለአንድ ምንጭ ይህ ምንም አይደል። ለ60 ምንጭ ግን ጣት ይዝላል። ከድካሙ የሚብሰው ደግሞ የሠራው ሰው ሥራ ሲለቅ፣ ለምን አንዱ ፎልደር እንደተዘለለ የሚያውቅ አለመኖሩ ነው። ውሳኔው በማውዝ ተሠርቶ በማውዝ ጠፋ።

እዚህ ላይ ነው ኮድ የሚገባው። ማይክሮሶፍት በ2006 ፓወርሼልን አወጣ፤ በማውዝ የሚሠራውን በጽሑፍ ትዕዛዝ መሥራት ተቻለ። በሼርፖይንት 2010 ላይ የይዘት ምንጭ መፍጠር፣ መቀየር፣ አሰሳ ማስጀመርና ማስቆም ሁሉ በትዕዛዝ የሚሠራ ሆነ። ፓወርሼል ባይኖራችሁም ሐሳቡ ያው ነው። መጀመሪያ ውሳኔውን ማንም ሊያነበው በሚችል ዝርዝር ትጽፋላችሁ። በአማርኛ ብናስቀምጠው ይህን ይመስላል፦

ምንጭ፦ የመዝገብ ቤት የጋራ ማህደር
መነሻ፦ «ሰነዶች» የሚባለው ዋና ፎልደር
ሙሉ አሰሳ፦ በወር አንዴ፣ ቅዳሜ ከሌሊቱ 7 ሰዓት
የለውጥ አሰሳ፦ በየቀኑ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት
አትግባ፦ «የግል ማህደር» ፎልደር
በአንድ ጊዜ የሚነበብ፦ ከ4 ፋይል አይበልጥ

«ሙሉ አሰሳ» ሁሉንም ከሀ እስከ ፐ እንደገና ማንበብ ነው። «የለውጥ አሰሳ» ካለፈው ወዲህ የተጨመረውን፣ የተቀየረውንና የጠፋውን ብቻ ያያል። የመጀመሪያው አስተማማኝ ነው፣ ግን ከባድ ነው። ሁለተኛው ቀላል ነው፣ ግን የሚያመልጠው ነገር አለ። ለምሳሌ ከአሁን በኋላ ወደ አንድ ፎልደር እንዳይገባ አዲስ ደንብ ብትጽፉ፣ ሙሉ አሰሳ እስኪደረግ ድረስ የድሮው ንባብ ማውጫው ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ሼርፖይንት 2013 ላይ ደግሞ «ተከታታይ አሰሳ» የሚባል መጣ፤ ካልቀየራችሁት በቀር በየ15 ደቂቃው ለውጥ ካለ ያያል። ልክ በየቀኑ አዲስ ዘመንን እንደሚያየው፣ ሰሌዳውን ግን በሳምንት አንዴ እንደሚዞረው ልጅ፣ ለእያንዳንዱ ምንጭ የሚስማማውን መምረጥ ነው።

ዝርዝሩ ከተጻፈ በኋላ ኮዱ የሚለው ቀላል ነው። ዝርዝሩ ላይ ያለ ምንጭ ሰርቨሩ ላይ ከሌለ፣ ፍጠር። ካለ ግን ሰዓቱ ወይም ደንቡ ከዝርዝሩ ከተለየ፣ አስተካክል። ሁሉም ከተስማማ፣ ምንም አትንካ። ጥሩ ስክሪፕት ሁለቴ ብታስሮጡት ውጤቱ አንዴ እንዳስሮጣችሁት ነው፤ ምንጩን ሁለት አያደርገውም።

አራተኛ ጉዳይ አለ፤ እሱ ላይ ተጠንቀቁ። ሰርቨሩ ላይ ያለ፣ ዝርዝሩ ላይ ግን የሌለ ምንጭ ቢገኝስ? «ሰርዝ» ብሎ ማዘዝ ያጓጓል። ነገር ግን ምንጭ ሲሰረዝ ከሱ የተነበቡት ሰነዶች በሙሉ ከማውጫው አብረው ይወጣሉ። ሰነዶቹ በቦታቸው አሉ፤ ለፈላጊው ግን «የለም» ሆኑ። ስለዚህ እኔ ስጽፍ ኮዱ በራሱ አይሰርዝም፤ «ይህ ከዝርዝሩ ውጭ ነው፣ ምን ላድርግ?» ብሎ ሰው ይጠይቃል።

ፋይሉን ደግሞ ጊት ውስጥ አስቀምጡት። ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 የሠራው ይህ መሣሪያ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደቀየረ ይይዛል፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ ጋር ምክንያቱን በአንድ አረፍተ ነገር መጻፍ የናንተ ፋንታ ነው። ከዚያ በኋላ «ይህ ፎልደር ለምን ተዘለለ?» የሚል ሰው መልስ ያገኛል።

አረንጓዴው መብራት

አሁን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፒያሳ አካባቢ ላለ አንድ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለ ፍለጋ ሳቆም ነበር። አሰሳው አለቀ። የአሰሳው መዝገብ ላይ ሁሉም ፋይል «ተሳክቷል» ይላል፤ አረንጓዴ በአረንጓዴ ነው። ደስ አለኝ።

በሳምንቱ አንድ ጡረታ የወጡ አባት መጡ። በ1989 ዓ.ም. የተጻፈላቸው ደብዳቤ ቅጂ ይፈልጋሉ። ስማቸውን አስገባሁ። ውጤት የለም። በአባታቸው ስም ሞከርኩ። የለም።

«አባቴ፣ ሲስተሙ የለም ይላል» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ ራሴ ፈርሜ የተቀበልኩት ደብዳቤ እንዴት የለም ይባላል?»

መልስ አልነበረኝም። ሰውየው በሳምንቱ ተመለሱ፤ ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ መጡ። በሦስተኛው ቀን የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ አዘነችላቸውና በኮምፒውተሯ የዓመቱን ፎልደር ከፍታ ፋይሎቹን አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። ሃያ ደቂቃ አልፈጀባትም። ደብዳቤው ነበር። ክሮውለሬም አንብቦታል። ታዲያ ምን ሆነ?

የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ በብዙ መሥሪያ ቤት ደግሞ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ አማርኛ የሚጻፈው በእነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ነበር። የነዚያ የድሮ ፎንቶች ዘዴ ብልሃት ነው፦ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው የላቲን ፊደል ወይም ምልክት ነው፤ ፎንቱ ግን «ሀ» አድርጎ ይስለዋል። ከ256 በላይ ምልክት በአንድ ፎንት መያዝ ስለማይቻልም፣ አንዳንዶቹ ፊደላችንን በሁለትና በሦስት ፎንት ይከፋፍሉት ነበር። ለሰው ዓይን ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ፎንቱን ለማያይ ማሽን ግን ትርጉም የለሽ የላቲን ምልክት ክምር ነው። ክሮውለሬ ያንን ክምር በትጋት አንብቦ፣ በትጋት መዝግቦ፣ አረንጓዴ መብራት አበራልኝ።

ማሽኑ አልዋሸም። «ፋይሉን ከፍቼ አንብቤአለሁ» ነው ያለው። «ሰው ሲፈልገው ይገኛል» ብዬ የተረጎምኩት እኔ ነኝ።

ጥገናው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛ፣ ሰነዱ ወደ ማውጫ ከመግባቱ በፊት የፎንቱ ስም ይታይ፤ የድሮ ፎንት ከሆነ ወደ ዩኒኮድ ይቀየር። በዚያው የፊደል ጉዳይንም ጨመርኩ፦ «ዓድዋ» እና «አድዋ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሃይ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለማሽን ግን ካልነገሩት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ሲመዘገብም ሲፈለግም ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ እንደ አንድ ይቆጠሩ።

ሁለተኛው ይበልጥ የምኮራበት ነው። ከእያንዳንዱ ምንጭ መኖራቸውን በዓይናችን ያየናቸውን 10 ሰነዶች መረጥን፤ ከየዘመኑ፣ ከየፎንቱ፣ ስካን የተደረጉትንም ጨምሮ። ኮዱ ከእያንዳንዱ አሰሳ በኋላ እነዚህን 10 ሰነዶች ልክ እንደ ሰው ይፈልጋቸዋል። አንዱ እንኳ ካልተገኘ መብራቱ ቀይ ነው። መጀመሪያ ቀን ስናስሮጠው የመጣው ቀይ ብዛት፣ ያ ሁሉ አረንጓዴ ምን ያህል እንዳታለለኝ ነገረኝ።

ምንጩ ሲፈርስ

መጨረሻ ላይ የተውኩት ጥያቄ «የጠፋው ምን ይሁን?» የሚለው ነው። ለሱ ከፒያሳ የተሻለ አስተማሪ አላገኘሁም።

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ቤት የሚያገኘው በመንገድ ቁጥር አይደለም። በምልክት ነው። ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ በታች በነበረበት ዘመን ሰፈሩ አራዳ ነው። ጣሊያን ሲገባ ገበያውን ወደ ምዕራብ አዛውሮ መርካቶ አለው፤ አራዳን ደግሞ በራሱ ቋንቋ ፒያሳ አለው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ወጣ፤ ቃሉ ግን ቀረ። ሰባ ደረጃ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ እሪ በከንቱ፣ ሠራተኛ ሰፈር፣ ውቤ በረሃ፤ እያንዳንዱ ስም የማውጫ ቁልፍ ነው። ለቀጠሮ ደግሞ «ማህሙድ ጋ» ይበቃ ነበር፤ የታዋቂው ድምጻዊ የማህሙድ አህመድ ሙዚቃ ቤት ማለት ነው።

በ2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ፒያሳ ላይ ተመረቀ። በዚያው ዓመት የኮሪደር ልማቱ ሥራ ሲጀመር ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ የድሮው ሰፈር ብዙ ክፍል ፈረሰ፤ ነዋሪውም ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ። ከዚያ ወዲህ ፒያሳ ሄጄ መንገድ ስጠይቅ፣ ሰዎች «ድሮ እንትን ከነበረበት ዝቅ ብለህ» ይሉኛል። ቤቱ የለም። ማውጫው ውስጥ ግን አለ።

በፍለጋ ቋንቋ ይህ ያረጀ ማውጫ ይባላል። ፈላጊው ውጤቱን አግኝቶ ሊከፍተው ሲል ሰነዱ የለም። የድርጅት ክሮውለር ይህን የሚያጸዳበት ደንብ አለው፦ አንድ ሰነድ በተደጋጋሚ አሰሳ ካልተገኘ ከማውጫው ይወጣል። ወዲያው ባንዴ አይወጣም፤ ምክንያቱም ሰርቨሩ ለአንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶበት ሊሆን ይችላል። መብራት የጠፋበትን ቤት «ፈርሷል» ብሎ መመዝገብ ስህተት ነው።

ለዕለት ሥራ ይህ ደንብ ትክክል ነው። የተሻረ መመሪያ ዛሬም በፍለጋ እየወጣ ሠራተኛውን ማሳሳት የለበትም። ለታሪክ ግን ደንቡ ይገለበጣል። ሐይቅ እስጢፋኖስ ሄዶ የቀረጸው ሰው ብራናው ነገ ቢጠፋ ቁጥር 1832 ይሰረዝ አላለም። ጭራሽ የቀረጸው ሊጠፋ ይችላል ብሎ ስለሰጋ ነው። ስለዚህ ሁለት ደብተር ያስፈልገናል፤ አንዱ ዛሬ ያለውን የሚናገር፣ ሌላው የነበረውን የሚይዝ። ሁለቱን ማምታታት ወይ ሰውን የሌለ በር ላይ ያቆመዋል፣ ወይ ደግሞ የነበረን ሰፈር እንዳልነበረ ያደርገዋል።

የትኛው ምንጭ በየትኛው ደብተር እንደሚያዝ ማሽኑ አያውቅም። አንድ ሰው ይወስናል። እኔ የምለው፣ ያ ውሳኔ በአንድ ሰው ጭንቅላት ወይም በማውዝ ጠቅታ ውስጥ አይቅር፤ ሌላው አንብቦ «እዚህ ሰሌዳ ላይ እኮ አልዞርክም» ሊለው በሚችል ጽሑፍ ይቀመጥ።

የት/ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት ወይም የወላጆቻችሁ ስልክ ውስጥ ያለው የፎቶ ክምር ለመጀመር ይበቃል። ምንጮቹን ዘርዝሩ፣ በስንት ጊዜ እንደምታዩአቸው ጻፉ፣ መኖራቸውን የምታውቋቸውን 10 ነገሮች መርጣችሁ ፈልጉ። ከ10ሩ ስንቱ ተገኘ?

እኚያ አባት ደብዳቤያቸውን ይዘው ሲወጡ አመሰገኑ፤ ምስጋናው ለመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ነበር። ወደ እኔ ዞር ብለው ግን «ልጄ፣ ሁለተኛ ‘የለም’ አትበል። ‘እኔ አላገኘሁትም’ በል» አሉኝ። አሁን በሠራሁት የፍለጋ ገጽ ላይ ውጤት ሲጠፋ የሚወጣው ጽሑፍ ይህ ነው፦ «አላገኘሁትም። የፈለግኩት በእነዚህ ምንጮች ውስጥ ነው»፤ ከሥሩ ዝርዝሩ ይከተላል፣ እያንዳንዱ ለመጨረሻ ጊዜ ከታሰሰበት ቀን ጋር።